ሰንጠረዡን ለመስቀል አትቸኩዪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራም። አባትሽ «ቡናው በምን ሊደርቅ ነው?» እያለ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ባለፈው ስትደውዪ ስለ ሰባተኛ ክፍሎችሽ ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። ንጥረ ነገሮችን ልትጀምሪላቸው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሃያ በቃላቸው እንዲይዙም ልታዢ አስበሻል። በስልክ የማያልቅ ወሬ ስለሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። እባክሽ የኔ እናት፣ በሽምደዳ አትጀምሪ። የንጥረ ነገሮቹን ሰንጠረዥም በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ላይ አትስቀዪው። ከነስሙ ከነቁጥሩ ሞልቶ ካዩት፣ ለእነሱ የቀረ ሥራ ያለ አይመስላቸውም። ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር በየዓመቱ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ከሚያውቁት ተነሺ። የመብራት ሽቦ ውስጥ መዳብ አለ። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው፤ ቡና መቁያው ላይ ተረስቶ ሲያር የሚቀረውም እንደዚያው። የአጋሮን አፈር ያቀላው ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ ብረት ነው። ወርቅን፣ ብርን፣ እርሳስን፣ ድኝን ስማቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ። «ጨውስ?» የሚል አይጠፋም። ደስ ይበልሽ! ሶዲየም በቢላ የሚቆረጥ፣ ውሃ ሲነካው የሚንጣጣ ሜታል ነው። ክሎሪን መርዛም ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናሉ። ይህን የሰማ ልጅ የንጥረ ነገርንና የውሁድን ልዩነት አይረሳም።

ቀጥሎ ካርቶን ቁረጪና ከሃይድሮጅን እስከ ካልሲየም ሃያ ካርድ አዘጋጂ። በእያንዳንዱ ላይ ስሙን፣ የአቶሙን ክብደትና አንድ ጠባዩን ጻፊ። በቡድን ክፈያቸውና «እንደመሰላችሁ ደርድሩ» በያቸው። አንዱ ቡድን ጋዙን ከጠጣሩ ይለያል፣ ሌላው ሜታሉን ለብቻ ያደርጋል። ይከራከሩ፣ አትግቢባቸው። ከዚያ በክብደት ያሰልፏቸው። ከሊቲየም ስምንት ቦታ ወደፊት ሲቆጥሩ ሶዲየም ላይ፣ ከሶዲየም ስምንት ሲቆጥሩ ደግሞ፣ አርጎንን ከፖታሲየም ካስቀደሙ፣ ፖታሲየም ዘንድ ይደርሳሉ። ሦስቱም ለስላሳ ናቸው፤ ሦስቱም ከውሃ ጋር አይስማሙም። ክብደታቸው በግርድፉ 7፣ 23 እና 39 ነው። 7ንና 39ን ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፤ 23 ይወጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት ዶበራይነር እንዲህ ያሉ ሦስት ሦስቶችን ያሳየው በ1829 ነው፣ በፈረንጆቹ። ሰንጠረዥ የሚባል ነገር ገና አልነበረም።

አንድ ቦታ ላይ ተጠንቀቂ። አርጎን 40 ነው፣ ፖታሲየም 39። በክብደት ብቻ ከሄዱ ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ስምንቱም ይዛነፋል። ነቃ ያለ ልጅ እዚህ ላይ ይይዝሻል። ፕሮቶንን የምታመጪው ያኔ ነው፣ ከዚያ በፊት ባይሆን እመርጣለሁ። ተራውን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን የአቶም ቁጥር፣ ማለትም በአቶሙ እምብርት ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት፣ መሆኑን እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞዝሊ በ1913 በኤክስሬይ አሳይቷል።

አሁን የሲሊከንን ካርድ ደብቂው። ክፍት ቦታውን አሳይተሽ «እዚህ ያለው ምን ዓይነት ነው?» በይ። ግራው አሉሚኒየም 27፣ ቀኙ ፎስፈረስ 31 ነው። «29» ይሉሻል። ካርዱን ስታወጪው 28 ነው! ሰንጠረዡን ያወጣው ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ የሠራውም ይህንን ነው። በ1869 የሚታወቁት 63 ንጥረ ነገሮች ነበሩ። ያሉትን ደርድሮ፣ ያልተገኙትን ቦታቸውን ክፍት ተወላቸው። ከአሉሚኒየም ሥር ስለሚገባው እፍጋቱ የውሃን 5.9 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ተናገረ። በ1875 ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘ፤ ሲለካው ግን 4.7 ሆነ። ሜንዴሌቭ «አጥርተህ እንደገና ለካ» አለው። ለካ፤ 5.9 ወጣ። ሜንዴሌቭ ጋሊየምን በዓይኑ እንኳ አላየውም ነበር። ይህን ታሪክ ሳትቸኩዪ ንገሪያቸው፤ ክፍለ ጊዜ ቢበላም ይብላ።

ሰንጠረዡን የምትሰቅዪው ከዚህ በኋላ ነው። ከዓምዶቹ አንዱን ብቻ ውረጂላቸው፣ ፍሎሪን ያለበትን። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ከሥሩ ያለው ክሎሪን በረኪና ውስጥ አለ። ዝቅ ብሎ አዮዲን አለ፤ እሱ ከምግብ ሲጎድል እንቅርት ይመጣል፣ ጨው ላይ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። አንዱ በዝቶ ይጎዳል፣ አንዱ አንሶ ይጎዳል፤ ሁሉም ግን ከሜታል ጋር ሲገናኙ ጨው ይሠራሉ።

«አለቀ ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አሁን 118 ደርሷል። የመጨረሻዎቹ አራቱ ስማቸው የጸደቀው በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ሰባተኛው ረድፍም በእነሱ ሞላ። 119ኛውን ለመሥራት ግን እየሞከሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች አሉ። ስምንተኛውን ረድፍ ሰሌዳው ላይ ባዶውን ሥሪላቸው።

ካርቶኑን አባትሽ ከየሱቁ ሰብስቦልሻል። ቅዳሜ ወደ አጋሮ በሚወጣ ሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቂ። የአርጎኑ ክርክር እንዴት እንደሆነ ደውለሽ ንገሪኝ።

እናትሽ፣ ከጅማ