በማርኬት ሃርቦሮ ዙሪያ ያለው የብስክሌት መንገድ በአማርኛ ይጻፍልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

እንግሊዝ አገር ለሚኖሩና ዘመድ ጥየቃ ለሚመጡ አንባቢዎቻችሁ የምታወጧቸው የጉብኝት ጽሑፎች ጠቃሚ መሆናቸውን እየመሰከርሁ፣ አንድ ጉድለት ግን ሳልጠቁም ማለፍ አልፈለግሁም። ጽሑፎቹ ከለንደን ሙዚየሞችና ከታላላቆቹ ከተሞች እምብዛም አይወጡም። የዚህን አገር ገጠር በብስክሌት መጎብኘት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ልጅ አዋቂውን የሚያሳትፍ ነገር ሆኖ ሳለ እስካሁን በገጾቻችሁ ቦታ አላገኘም። እኔ በምኖርበት በሌስተር የማውቃቸው ወጣት ወገኖቻችን አብዛኞቹ ብስክሌትን የሚያውቁት ለእንጀራ ነው፤ በዝናብም በብርድም ምግብ ሲያደርሱ ውለው ያመሻሉ። ጉልበቱም ልምዱም አላቸው። የጎደላቸው፣ ከከተማው ዳር አንሥቶ ወደ ገጠሩ የሚወስደው መንገድ ለእነሱም የተከፈተ መሆኑን በቋንቋቸው የሚነግራቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ማሳያ የማደርገው ማርኬት ሃርቦሮን ነው። ከሌስተር በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል፣ ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል የምትርቅ የገበያ ከተማ ናት። መሐሏ ላይ እ.ኤ.አ. በ1614 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ አሮጌ ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆቹ ፎቁ ላይ ሲማሩ ገበያተኛው ከሥር ተጠልሎ ቅቤውን እንዲሸጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ከጎኑ በቅዱስ ዲዮናስዮስ ስም የተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ከከተማዋ በስተደቡብ የሚነሣው ብራምፕተን ቫሊ ዌይ የተባለው መንገድ እስከ ኖርዛምፕተን ዳርቻ 14 ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይዘልቃል። ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ በ1981 ከቆመ በኋላ ሐዲዱ ቢነቀልም መሬቱ በሕዝብ እጅ ስለገባ፣ በ1993 ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለፈረስ ጋላቢ ተከፈተ። በዚህ አገር ብዙ የተዘጉ ሐዲዶች መሬታቸው ተቆራርሶ ተሽጦ፣ ድልድያቸው ፈርሶ ቀርተዋል፤ ስለዚህ ይህ መስመር ሳይበጠስ መቆየቱን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። የእንፋሎት ባቡር ብርቱ ዳገት መውጣት ስለማይችል የዚያን ጊዜ መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ረባዳውን ሞልተው አልፈዋል፤ የእነሱ ድካም ዛሬ የዘጠኝ ዓመት ልጅና ጉልበቷ የደከመ እናት ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ለስላሳ መንገድ አስገኝቷል። መስመሩ የብሔራዊው የብስክሌት መረብ 6ኛ መስመር አካል ስለሆነ፣ በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በቀይ መደብ የተጻፈችውን 6 ቁጥር እየተከተለ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

በመንገዱ ላይ ኦክሰንደንና ኬልማርሽ የተባሉ ሁለት ዋሻዎች አሉ፤ የመጀመሪያው 420 ሜትር ያህል፣ ሁለተኛው 290 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። መብራት የላቸውም። በበጋም ቢሆን ገና ሲገቡ ብርዱ ይቀበላል፤ ከጡቡ ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ መሬቱ እዚህም እዚያም ኩሬ ይቋጥራል። ከወዲያኛው ጫፍ የሚታየው ብርሃን ፊት ለፊት ዓይን ላይ ስለሚወድቅ ከእግር ሥር ያለውን ያሳያል ማለት አይደለም፤ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ እግረኛም ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ደህና የፊት መብራት ወይም የእጅ ባትሪ የግድ ነው፤ ሕፃን ይዞ የሚሄድ ደግሞ ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ቢያልፍ ይመረጣል። የእንግሊዝኛ መግለጫዎች ይህን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ስለሚያልፉት በአማርኛ ሲጻፍ ሰፋ ተደርጎ እንዲነገር እለምናለሁ።

ከዋሻዎቹ አልፎ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ለእኛ ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚገባው ስፍራ ይገኛል። ከመስመሩ ጥቂት ወጣ ብላ ባለችው በብሪክስወርዝ መንደር፣ ከአንግሎ ሳክሶን ዘመን ከተረፉት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ዕድሜው ከሺህ ዓመት በእጅጉ ያለፈ ሲሆን፣ የቅስቶቹ ቀያይ ጡቦች ከሮማውያን ፍርስራሽ ተለቅመው የተሠራባቸው ናቸው። በድንጋይ ላይ የተጻፈ ጥንታዊ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ከአክሱምና ከላሊበላ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ከሚኖርበት ቤት አንድ ቀን በማይሞላ ጉዞ እንዲህ ያለ ቅርስ መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ሲያልፉ ያሳዝነኛል።

ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ መሄድ ለሚፈልግ ደግሞ ጀልባ በሚሄድበት የውሃ ቦይ ዳር ያለው መንገድ ወደ ፎክስተን ያደርሳል። እዚያ በ1814 የተከፈቱ 10 የውሃ መዝጊያ ክፍሎች ጀልባዎችን ደረጃ በደረጃ 23 ሜትር ያህል ሽቅብ ያወጣሉ፤ ልጆች አይተው አይጠግቡትም። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቅድሚያው የእግረኛ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ኔዝቢ አለ። በሰኔ 1645 የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ጦር በፓርላማው ሠራዊት ድል የሆነበት ሜዳ ይህ ነው። ወደዚያ የሚወስዱት ግን ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁባቸው የመኪና መንገዶች ናቸው፤ ለጀማሪ አልመክርም።

ብዙ ጊዜ የምሰማው ጥያቄ «የሰው እርሻ መሐል ገብተን ማን ያሳልፈናል?» የሚል ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። በ1968 የወጣው የገጠር አዋጅ ለፈረስ ጋላቢ በተፈቀዱ የገጠር መንገዶች ላይ ብስክሌተኛም እንዲሄድ መብት ሰጥቶታል፤ ግዴታው ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ መስጠት ነው። ምልክቱ ሰማያዊ ቀስት ነው። ቢጫ ቀስት ያለበት መንገድ ለእግረኛ ብቻ ስለሆነ አይገባበትም። ይህችን የሁለት ቀለም ልዩነት ያወቀ ሰው በእርሻ መሐል ሲያልፍ እንደ ሌባ አይሳቀቅም፤ ከብት ያለበትን በር ከፍቶ ካለፈ በኋላ መልሶ መዝጋቱን ብቻ አይርሳ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። ከሐዲድ መንገዱና ከቦዩ ዳር ውጭ ያሉት የገጠር መንገዶች በረዣዥም አጥር የታጠሩ፣ ኩርባቸው የበዛ፣ ሁለት መኪና በጭንቅ የሚያሳልፉ ናቸው። ሆኖም ሌላ ምልክት ካልተተከለ በቀር በእነሱ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኩርባ ወዲያ ያለውን ለማያይ ሾፌር ይህ ፍጥነት ከመጠን ያለፈ ነው፤ መቀነስ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። በ2022 የተሻሻለው የመንገድ ደንብ ሾፌር ብስክሌተኛን ሲቀድም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ፣ ፍጥነቱ ከ30 ማይል ካለፈ ደግሞ ከዚያም በላይ እንዲርቅ ይመክራል፤ ሁለት ብስክሌተኞች ጎን ለጎን መሄድ እንደሚችሉም ይደነግጋል። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኩርባው ላይ የሚያድነው የሾፌሩ ፍጥነት ዝቅ ማለቱ ነው። እዚህ ነዋሪ የሆኑ ወገኖቻችን ለአካባቢያቸው ምክር ቤት አባላት ደብዳቤ መጻፍ መብታቸው ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ጋዜጣችሁ ቢያበረታታ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር እሾህ ነው። ገበሬዎች ከመጋቢት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባሉት የፈረንጅ ወራት የአጥር ቁጥቋጦ እንዳይቆርጡ ስለተከለከሉ ሥራው መኸርና ክረምት ላይ ይውላል፤ በዚያ ወቅት የተከረከመው እሾህ መንገድ ላይ ይበተንና ጎማ ይበሳል። መለዋወጫ ካላማዳሪያና መንፊያ ሳይዙ መውጣት አይገባም፤ በመንደሮቹ ውስጥ ጎሚስታ የለምና። ምግብም ቢሆን ስንቅ ቋጥሮ መሄድ ይሻላል። በተለይ ጿሚዎች በገጠር ሻይ ቤቶች ወተትና ቅቤ የሌለበት ነገር እናገኛለን ብለው ባይተማመኑ ደግ ነው፤ ቆሎና ዳቦ ከሁሉም ይበልጣል። በባቡር ለሚመጡ፣ የብስክሌት ቦታው ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

ስለዚህ በፈረንጆች የፀደይ ወቅት ላይ፣ ቀኑ መርዘም ሲጀምር፣ ይህን መስመር ከነካርታው፣ ዋሻዎቹንና የባቡር ጣቢያዎቹን ለይታችሁ በአማርኛ እንድታወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። የቦታ ስሞችን አነባበብና የመንገዱን ዝርዝር በማዘጋጀት ለመርዳት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሌስተር