የዓሣ ማጥመድ ክበብ የ2016 ዓ.ም. የሥራ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ዓሣ ማጥመድ ክበብ ሁለተኛ ዓመቱን ያጠናቀቀው በ24 አባላት፣ በዘጠኝ የማጥመጃ ዘንግና በአንድ በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ ነው። ከመምህራን ማረፊያ ጀምሮ እስከ ወላጆች ስብሰባ ድረስ «ሐዋሳ ያደገ ልጅ ዓሣ ማጥመድ በክበብ ይማራል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብልኝ ከርሟል። መልሴ አጭር ነው፤ ዓመቱ ሲጀመር መንጠቆ ከክር ጋር በትክክል ማሰር የሚችሉት አባላት ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ እኔ መምህራቸውም ከማይችሉት ወገን ነበርኩ።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን በመርሐ ግብራቸው መሠረት ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤውን ማየት የሚፈልግ ከክበቡ ጸሐፊ ያገኘዋል።

አሠልጣኛችን ዕድሜያቸውን በመንጠቆ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ ተማሪዎቹ ጋሼ የሚሏቸው ጡረተኛ ናቸው። ሙሉ ወር ያስተማሩን ቋጠሮ ብቻ ነው፤ ክሩን በመንጠቆው ቀለበት አሳልፎ አምስት ጊዜ በራሱ ላይ መጠምጠም፣ ጫፉን በቀለበቱ አጠገብ ባለው ክፍተት መልሶ ማስገባት፣ ከማጥበቅ በፊት ግን በምራቅ ማራስ፤ ምክንያቱም ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግላል፣ የጋለ ክር ደግሞ ይደክማል። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ፣ ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ትንሽ አፍ ቁጥር 8 ወይም 10 እንደሚበቃ፣ ለአምባዛ ግን ከዚያ በጣም የሚተልቅ እንደሚያስፈልግ ተምረናል። ቆሮሶን በሊጥ ወይም በምድር ትል እንሞክራለን። አምባዛ እያሸተተና በሪዙ እየዳበሰ ምግቡን የሚፈልግ፣ ከመሸ በኋላ የሚበረታ ዓሣ ነው፤ እኛ ግን በጨለማ ከጉማሬ ጋር መጋፋት ስለማንሻ የአምባዛው ትምህርት በሰሌዳ ላይ ቀርቷል። ለተንሳፋፊ ያረጀ ነጠላ ጫማ ቆርጠናል፤ ለማስጠሚያ የሚሆን ዳዶ ከጋራዥ ለምነናል። የእርሳስ ማስጠሚያ የተውነው ገንዘብ አጥተን ብቻ አይደለም፤ የውሃ ወፍ ከዋጠው ይመርዘዋል።

ከሁሉም የማልረሳው በየካቲት ወር ቅዳሜ ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የወጣንበት ቀን ነው። ጋሼ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ዘንግ እንዳናነሳ ከለከሉን፤ ነፋሱ ውሃውን ወዴት እንደሚገፋ፣ ቄጠማው የት ላይ እንደሚሳሳ ብቻ እንድንመለከት አዘዙ። በዚያው መካከል አስጋሪዎች ጀልባቸውን አስጠግተው መረብ ማራገፍ ሲጀምሩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም የሚጣለውን አንጀት ሊሻሙ ሲከቧቸው፣ ከኅዳር ጀምሮ አንድም ዓሣ ያልያዘች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ጠጋ ብላ ቆመች። ከመረቡ ከወጣች አንዲት ቆሮሶ አፍ ቢጫ ፍሬዎች ሲፈሱ አይታ በመዳፏ ተቀበለቻቸው። «ጋሼ፣ የበላችውን ነው የምትተፋው?» አለች።

ጋሼ ቁጢጥ ብለው አስረዷት። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ፤ እስከዚያው ምግብ እምብዛም አትቀምስም። «ስለዚህ የእኛን ሊጥ አታይልሽም። መረብ ግን ርቧት እንደሆነ አይጠይቃትም» አሏት። ልጅቱ ምንም አልመለሰችም። ረፋዱ ላይ የመጀመሪያ ዓሣዋን ያዘች፤ እጇን አርሳ፣ በማስመሪያ ለክታ 14 ሴንቲ ሜትር ብላ ከመዘገበች በኋላ መልሳ ለቀቀቻት። ጓደኞቿ «አራት ወር ጠብቀሽ?» ብለው ሲስቁባት «እንቁላል ይዛ እንደሆነ አፏን አየሁት፤ ባዶ ነው፤ ገና ልጅ ናት» አለች። ስለ መራባት በክፍል ውስጥ ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳስተማርኩ አስታውሼ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

በመጋቢት ወር አንድ ተማሪ አውራ ጣቱን በመንጠቆ ተወግቶ ጤና ጣቢያ መሄዱ እውነት ነው፤ ለአምስት ሳምንታትም ሥራ አቁመናል። ከዚያ ወዲህ የመንጠቆዎቹ መያዣ እሾህ ሁሉ በፒንሳ ተደፍጥጧል፤ ይህም ለጣትም ለሚለቀቅ ዓሣም ይበጃል። ወደ ኋላ ሳያይ ዘንግ የሚወረውርም ለዚያ ቀን ዘንጉን ያስረክባል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኳስ ሜዳችን እግሩ የተሰበረ ልጅ እንደነበረ፣ የእግር ኳሱ ክበብም ለአንድ ቀን እንኳ እንዳልተዘጋ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

ሐይቃችን በወራጅ ወንዝ የሚተነፍስ አይደለም፤ የገባበት ነገር አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የተቆረጠ ክር ሁሉ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተሰበሰበ ይመለሳል፤ በዚህ ዓመት ሁለት ጠርሙስ የሞላን ሲሆን፣ አብዛኛው እኛ ያልጣልነው ነው።

ለ2017 ዓ.ም. የምንጠይቀው 12 የሕይወት አድን ጃኬት፣ ሦስት ማጠንጠኛና ለዓመቱ የሚበቃ ክር ነው። ጃኬቱ እስካልተገኘ ድረስ ማንንም ተማሪ ጀልባ ላይ አላወጣም፤ ለርእሰ መምህሩም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ዘንግ ያለው ወላጅ ቢሰጠን ጠግነን እንጠቀምበታለን። ፀሐይ ናይለንን ስለምታደክም ዕቃዎቻችን የሚቀመጡት በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ይገኛል።