ከወለደች በኋላስ ማን ያያታል?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ሳላቋርጥ የማነብ ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሰሞኑን አንድ አባት ስለ ማዋለጃ ክፍል የጻፉትን ደብዳቤ አየሁት። ነርሶቹ ቁጡ ናቸው፣ ሰው አያናግሩም፣ ባለቤቴን በምጥ ላይ እያለች ጮኹባት ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ያንን ቁጣ አውቀዋለሁ፤ ጥብቅና አልቆምለትም። ግን የጻፉት ሁሉ ስለ ምጡ ነው። ልጁ ከወጣ በኋላ ስላለው ሰዓት አንድ መስመር የላቸውም። "በሰላም ተገላገለች" ብለው አለፉት።

እኔ ደግሞ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የፈራሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው።

ምጥ ድምፅ አለው። ሴቷ ትጮኻለች፣ ዘመድ ማርያም ማርያም ይላል፣ ባለሙያው ይሯሯጣል። ደም ግን ሲፈስ ድምፅ የለውም። የወለደች ሴት ጋቢ ተሸፋፍና ትተኛለች። ደክሟታል። ያየ ሁሉ "እንቅልፍ ወሰዳት፣ አትቀስቅሷት" ይላል። ሰው ሁሉ ልጁን ከቦ አፍንጫው ማንን እንደሚመስል ይከራከራል። በዚያ መሀል ከብርድ ልብሱ ሥር ምን እንዳለ የሚገልጥ የለም።

መታየት ያለበት ነገር ብዙ አይደለም፤ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ነርሷ በየ15 ደቂቃው መምጣት አለባት። ሆዷን ትነካለች። ማህፀኑ እምብርት አካባቢ እንደ ኳስ ጠንክሮ መገኘት አለበት። ሞዴሱን ታያለች፣ የልብ ምት ትቆጥራለች፣ ግፊት ትለካለች። ከዚያ ጊዜው እየራቀ ይሄዳል እንጂ ክትትሉ አይቆምም። በስድስት ሰዓት ውስጥ ሽንት መሽናቷ ይጠየቃል፤ ግፊቷም በዚያው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይለካል። በደህና የወለደች ሴት እንኳ ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ውስጥ ብትቆይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ሽንት ለምን ይጠየቃል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሦስተኛ ልጇን የወለደች ሴት ነበረች። ምጧ ቀላል፣ ልጁም ደህና። ወደ ማረፊያው ክፍል ወሰድናት፤ እኔ ወደ ማዋለጃው ተመለስኩ፤ ሁለት ሴቶች ምጥ ይዟቸዋል። ትንሽ ቆይቶ አማቷ በር ላይ ቆሙ። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ ከሥሯ ረጥባለች፤ እስቲ እዪልኝ" አሉኝ። ስገልጥ አንሶላው ርሷል። ማህፀኗ ከእምብርት በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ ስነካው ልፍስፍስ ይላል። ከወለደች ጀምሮ ሽንቷን አልሸናችም። የሞላ ፊኛ ማህፀንን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እንዳይኮማተርም ያደርገዋል። ያልተኮማተረ ማህፀን ደግሞ ደሙን አያቆምም። ሽንቷን በቱቦ አወጣን፣ ማህፀኑን አሸን፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት ኦክሲቶሲንን ሰጠን፣ በሁለት እጇ የደም ሥር ፈሳሽ ከፈትን። ተረፈች። አማቷ ፊደል አልቆጠሩም። ግን ብርድ ልብሱን የገለጡት እሳቸው ነበሩ።

ድህረ ወሊድ ክፍል ነርስ ይመደብለታል፤ ፕሮግራሙ ላይ ስሟ አለ። በተግባር ግን መጠባበቂያ ናት። ማዋለጃው ሲጨናነቅ ትጠራለች። ኦፕሬሽን ክፍል ሰው ሲጎድል ትጠራለች። ደም ባንክ የሚላክ ሲጠፋም እሷው ነች። "እዚያ የተኙት እኮ ወልደዋል፣ ጨርሰዋል" ይባላል። ከዚያ ሊነጋ ሲል፣ ርክክብ ሲቃረብ፣ ቻርት ይሞላል። 110/70። 110/70። 110/70። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ። በአንድ ክፍል የተኙ እናቶች ግፊት ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ነርሶቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ቻርቱ ካልተሞላ አለቃ ይቆጣል፤ እናቷ ካልታየች ግን የሚጠይቅ የለም። ሰው የሚጠየቅበትን ይሠራል።

ነገሩ የእኔ ምሬት ብቻ እንዳይመስል ቁጥር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 26 እንደሆኑ አሳይቶ ነበር። በ2019 ወደ 48 ደረሰ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሰው ብዙ ለፍቶበታል፤ አምቡላንስ፣ የእናቶች ማቆያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግር። ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት ግን በዚያው በ2019 ከመቶ 34 ብቻ ናቸው። እስቲ በግርድፉ አስሉት። 48ቱ እጃችን ላይ ወልደዋል። እኛው ግቢ ውስጥ ነበሩ። ግን የታዩት ከእነሱም ያንሳሉ። እቤቷ ያለችውን መድረስ ከባድ ነው እሺ፤ አልጋችን ላይ የተኛችውን ሳናያት የምንሸኝበት ሰበብ ምንድን ነው?

"እምቢ ብላ ሄደች" እንላለን። አስፈርመንም እንሸኛለን። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ መሄድ ይፈልጋሉ። ቤት ልጆች አሉ፣ ከብት አለ፣ ገንፎ የሚያገነፋ ጎረቤት ተሰብስቧል። ግን ምን ይዘን ነው ቆዪ የምንላት? አንዱን አልጋ ሁለት አራስ ሲጋሩት አይቻለሁ። የምትታጠብበት ሙቅ ውሃ የለም። መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነው፤ ስፌት ያላት ሴት ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። አስታማሚዋ መሬት ላይ ያድራሉ። እዚህ ተኝታም ካልታየች ቤቷ ብትሄድ ምን ቀረባት? አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና እዚያው ግቢ ማዘጋጀት ሲጀምሩ የሳቁ ባለሙያዎች ነበሩ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ገንፎ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ሴቶችን አቆይቷል።

ቤት ከገባች በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዲት ጎረቤቴ በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊቷ ደህና ነበር። ወለደች፣ ወጣች። በሳምንቱ ውስጥ ራሷን ፈለጣት፣ ዓይኗ ብዥ አለባት። ቤተሰቡ "ምች ነው፤ በር ተከፍቶባት ነው" አለ። ዳማከሴ ተጨመቀላት። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ የእኔም ጓሮ ውስጥ አለ። ግን በማግስቱ አንቀጠቀጣት። ሆስፒታል ስትደርስ ግፊቷ ሰማይ ነክቷል። ማንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት ተሰጥቷት ተረፈች። ከወለዱ በኋላም የሚመጣ የደም ግፊት እንዳለ ስትወጣ የነገራት ሰው አልነበረም። ትኩሳትም እንደዚሁ ነው። አራስ ስታተኩስ ብርድ ይባላል፣ ምች ይባላል፤ የሚሸት ፈሳሽ ካለ ግን ማህፀኗ ቆስሎ መርዞ ሊሆን ይችላል። ያ ቀን አይሰጥም።

የሾተላይ መርፌም አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። የእናትየው ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ መርፌው በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከውጭ ፋርማሲ ነው የሚገዛው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የደም ዓይነቷ ካርዷ ላይ ተጽፎ እያለ ሳይታይ ከሄደች፣ ችግሩ የሚታወቀው በሚቀጥለው እርግዝና ነው።

አሁን ማንም ስለማያነሳት ሴት ልጻፍ። ልጇ የሞተባት እናት። ሌሎች ሕፃን ታቅፈው በሚያጠቡበት ክፍል፣ እዚያው መሀል ትተኛለች። ጠያቂ ሲገባ እልል ይላል፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ነርሶቹም ምን እንደሚሏት ስለማያውቁ ይሸሿታል። እኛ ልጁን ስንመዝን፣ ጡት ሲይዝ ስናይ ነው እናቲቱንም የምናየው። ልጅ የሌላት ሴት ጋ የሚወስደን ምክንያት የለም። ስለዚህ ማንም ማህፀኗን አይነካም፣ ደሟን አያይም። ሐዘንተኛ ናት፣ ቤቷ ትሂድ ተብሎ ቶሎ ትሸኛለች። በሦስተኛው ቀን ጡቷ ወተት ሞልቶ ይወጠራል፤ ያተኩሳታል። ይህ እንደሚመጣ የነገራት የለም። ጡቷን ደገፍ አድርጋ በልብስ እንድትይዝ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ እንድታደርግ፣ ለሕመሙ ምን እንደምትወስድ የሚነግራት የለም። ሌላ ክፍል ማግኘት ባይቻል መጋረጃ አይጠፋም። ይህን ጉዳይ በየስብሰባው አንስቼው ነበር። "በጀት ሲኖር" ተባልኩ። ለመጋረጃ!

ቤት ለቤት ክትትሉ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል፣ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት መታየት አለባት። ግን አራስ ለቀጠሮ ከቤት ወጥታ አትመጣም። በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ቤት ትቀመጣለች። ስለዚህ ወደ እሷ መሄድ ያለብን እኛ ነን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ክትባቱም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ ወባውም፣ ሪፖርቱም በእሷ ላይ ነው። በ45ኛው ቀን ልጁን ልታስከትብ ስትመጣስ? ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ይመታል። እናቲቱን "አንቺስ እንዴት ነሽ? ትተኛለሽ? ያስለቅስሻል?" የሚላት የለም። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ግዴታ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ በዓለም የታወቀው የድህረ ወሊድ ድባቴ መለያ እንኳ አሥር ቀላል ጥያቄ ነው።

ስለ ደምም አንድ ነገር። እኛ ደምን የምንለካው በዓይን ነበር፤ ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ ያሳንሳል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ከ200 ሺህ በላይ እናቶች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቶ ነበር። ከወላዷ ሥር ደሙን የሚሰበስብ፣ መለኪያ መስመር ያለበት ፕላስቲክ ተደረገ። ደሙ ሲበዛ ማሸቱ፣ መድኃኒቱ፣ ፈሳሹ ሁሉም በአንዴ እንዲሰጥ ሆነ። ከባድ የደም መፍሰስ በ60 በመቶ ቀነሰ። ፕላስቲክ ነው እንግዲህ!

ደብዳቤ የጻፉት አባት ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት ሦስት ቀን ይሰጣል። ጥቂት ናት፤ ግን አደጋው የሚበዛባትም ያቺው ናት። እንግዳ በመቀበልና ለስላሳ በማመላለስ አትለቅ። አልጋዋ አጠገብ ቆመው ይጠይቁ፦ ግፊቷ ስንት ነው? ማህፀኗ ጠንክሯል? ሽንት ሸንታለች? የሾተላይ መርፌ ያስፈልጋታል? ነርሷ ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። ቤት ከገባችም በኋላ ሞዴስ ቶሎ ቶሎ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ ካዩ ዳማከሴው ይቆይና መኪና ይፈለግ።

ለጋዜጠኞቻችሁም ጥያቄ አለኝ። ስለ ማዋለጃ አገልግሎት ልትዘግቡ ስትሄዱ ስንት ሴት ወለደች ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዛሬ ሌሊት ድህረ ወሊድ ክፍል ተረኛዋ ማን ናት፣ ሌላ ቦታስ ትጠራለች ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ቻርቱንም አሳዩን በሏቸው። ሁሉም 110/70 ከሆነ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይያዝልኝ)