ስለ ማስቶዶን ለጠየቃችሁ

ሰላም ለሁላችሁም! «ማስቶዶን ደግሞ ምንድን ነው?» ላላችሁኝ አጠር አድርጌ ልመልስ። ኦይገን ሮችኮ የሚባል ሰው በ2016 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የጀመረው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ባለቤቱ አንድ ኩባንያ አይደለም፤ ማንም የራሱን ሰርቨር (የአባላቱን አካውንትና ጽሑፍ የሚይዝ ኮምፒውተር) መክፈት ይችላል። ከጂሜይል ወደ ያሁ እንደምንላላከው፣ የአንዱ ሰርቨር አባል ከሌላው ጋር ያወራል። ካልተመቻችሁ ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ ወደ ሌላ ሰርቨር ነው። ተከታዮቻችሁ አብረው ይመጣሉ፤ የድሮ ጽሑፎቻችሁ ግን እዚያው ይቀራሉ። (ይቺ ነገር በጣም ነው የምታናድደኝ!)

በነፃ ነው ማለት ደግሞ የሚደክምበት የለም ማለት አይደለም። ብዙውን ሰርቨር የሚያንቀሳቅሱት፣ ከሥራ መልስ ስድብና ማጭበርበሪያ ሲያጸዱ የሚያመሹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ወጪውም ከኪሳቸው ወይም ከአባላት መዋጮ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የሰርቨሩን ደንብ አንብቡ፣ ማን እንደሚያስተዳድረውም እዩ። ማስቶዶን ላይ የተመዘገባችሁ ካላችሁ የማስቶዶን አድራሻችሁን እዚሁ ጣል አድርጉልኝ።