«የላይኛው ምክር ቤት» ስትሉ የትኛውን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የፌዴሬሽን ምክር ቤትን በዜናም በሐተታም «የላይኛው ምክር ቤት» ማለት ተለምዷል፤ የጃንሆይ ዘመን ሴኔት ወራሽ አድርጎ የሚጽፍም አይጠፋም። ስያሜው ለአፍ ቢመችም ሁለት የማይገናኙ ተቋማትን ያዛምዳል።

ሴኔቱ፣ ማለትም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ የተቋቋመው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሟቸው በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ብዙ ዘመን ካገለገሉ መኳንንት መካከል ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት ለሕዝብ ምርጫ ሲለቅ መወሰኛውን እዚያው ቤተ መንግሥት አስቀረው። ሴናተሩ 35 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ የሴናተሮቹ ቁጥር ከሕግ መምሪያው እንደራሴዎች ግማሽ አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹ ተሿሚዎች በሦስት ምድብ ተከፍለው በየ2 ዓመቱ ሲሶው እንዲለወጥ ተደንግጎ ነበር። ነገሩ የአሜሪካን ሴኔት ያስታውሳል፤ እዚህ ግን የወጣውን የሚተካው መራጭ ሕዝብ ሳይሆን ንጉሡ ነው። ያም ሆኖ ሴኔቱ ሕግ አውጪ ነበር፤ ረቂቅ ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች ማለፍ ነበረበት።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማውን በተነ። የ1980ው ብሔራዊ ሸንጎም፣ ከ1983 በኋላ የመጣው የሽግግሩ ምክር ቤትም ባለ አንድ ቤት ነበሩ። እስከ 1987 ድረስ 20 ዓመት ያህል አገሪቱ ሁለተኛ ምክር ቤት አልነበራትም።

የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል፣ ከዚያም በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ይሰጣል። ችግሩ የሚጀምረው ስሌቱ ላይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ሲዳማ ወደ 2.95 ሚሊዮን ተቆጥሯል። ድንጋጌውን እንደተጻፈ ካነበብነው አንዱ መነሻ ሆኖ በ2 ሙሉ ሚሊዮን 2 ይጨመርና 3 ወኪል ይሆናል፤ አራተኛው የቀረው 50 ሺህ በማይሞላ ሕዝብ ነው። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ሌላ አልተካሄደም፤ ስለዚህ ጎደለ የተባለው 50 ሺህ ከተወለደ ስንት ጊዜው! በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ይካሄድ የሚለው ራሱ ሕገ መንግሥቱ ነው።

ወኪሎቹን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ክልሎቹ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግም ይችላሉ፤ እስካሁን ያደረገ ግን የለም። በዚህ የተነሳ ወንበሩ ብዙ ጊዜ ለክልል ሹማምንት ይደርሳል። የፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ይኸው ምክር ቤት ነውና ተቀባዩ አካፋይም ይሆናል። እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የምክር ቤቱ ዋና ሥራ እንደ ሴኔቱ ሕግ ማውጣት ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው። ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ በ2 ዓመት ውስጥ ይወስናል። ለስብሰባው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለባቸው፤ ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል፤ በአካል ያልተገኘ አባል ድምፅ አይሰጥም።

«ላይኛው» የሚለው ቃል አንባቢን በተግባርም ያሳስታል። ፍርድ ቤት የተረታ ባለጉዳይ ምክር ቤቱን የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ አድርጎ ያስበዋል። ማስረጃ ዳግም የሚመዘንበት ቦታ ግን አይደለም። የትርጉም ጥያቄ መጀመሪያ የሚቀርበው 11 አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲሆን ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልግም ካለ ያልተስማማ ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል፤ ያስፈልጋል ብሎ የውሳኔ ሐሳብ ከላከ ደግሞ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። በሚቀጥለው ዘገባችሁ ስሙን ብቻ ብትጽፉት፣ «የፌዴሬሽን ምክር ቤት» ማለት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ