«ሳይንስ ነው የሚማረው» እንግሊዝ አገር አይበቃም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ልጆቻቸውን ወደ እንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለሚልኩ ቤተሰቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ክፍያው፣ ስለ ቪዛውና ስለ ብርዱ ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ልጁ እዚያ ገብቶ ምን እንደሚማር ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አላገኘሁም። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

የምኖረው ብሪስቶል ነው። ወላጆቻቸው ኢትዮጵያ ላሉ አዳሪ ተማሪዎች ጋርዲያን ሆኜ እሠራለሁ። ልጁ ሲታመም ትምህርት ቤቱ የሚደውለው ለእኔ ነው። በአጭር እረፍት ልጁ የሚያርፈው እኔ ቤት ነው። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር በአባትና በእናት ፋንታ መምህራኑ ፊት የምቀመጠውም እኔው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው በየስብሰባው ከማየው ነው፤ ማታ ማታ ከአዲስ አበባ ከሚደወልልኝ ስልክም ጭምር።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ደወሉልኝ። ልጃቸው በእኔ ኃላፊነት ሥር አልነበረም፤ ሁሉን ነገር የጨረሱት በኤጀንት ነው። ልጁ ሐኪም መሆን ይፈልጋል። አባትየውም «ሳይንስ ነው የሚማረው» እያሉ ለዘመድ ለወዳጁ ሲነግሩ ከርመዋል። ልጁ የያዘው ባዮሎጂ፣ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ኬሚስትሪ የለም። እዚህ አገር ደግሞ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኬሚስትሪን የግድ ይላሉ። ይህ የታወቀው ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ሊያመለክት ሲዘጋጅ ነው።

«እኔ እኮ ሳይንስ ነው ያልኩት! ሳይንስ ውስጥ ኬሚስትሪ የለም እንዴ?» አሉኝ።

በሰውየው አልፈረድኩም። እኛ ስንማር ናቹራል የገባ ልጅ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም አብረው ይመጡለት ነበር። አንዱን መረጥክ ማለት ሁሉንም አገኘህ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ናቹራልና ሶሻል የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ትምህርት ለብቻው ይመረጣል። ያልመረጥከው አይመጣልህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ እስከ 16 ዓመቱ ድረስ ለጂሲኤስኢ ፈተና ይማራል። አብዛኛው ልጅ ከስምንት እስከ አሥር ትምህርት ይፈተናል፤ ውጤቱ ከ9 እስከ 1 ነው፣ 9 ትልቁ ነው። ከዚያ ሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት የመጨረሻ ዓመታት ውስጥ ይገባና ኤ ሌቭል ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ በአንዴ የሚጠበው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚማረው ሦስት ትምህርት ብቻ ነው፤ ጎበዞቹ አራት ይይዛሉ። በእንግሊዝ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተደረገው ለውጥ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ለኤ ሌቭሉ ውጤት መቆጠሩ ቀርቷል። ሁሉም ነገር በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ በሜይና በጁን ፈተና ላይ ይወድቃል። መሀል ላይ «ይቅርብኝ፣ ልለውጥ» ማለት የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ነው።

የልጁ ኬሚስትሪ የት ጠፋ? ትምህርት ቤቱ የሚያስተምራቸውን ትምህርቶች በዓምድ ከፋፍሎ በአንድ ወረቀት ያወጣል። ብሎክ ይሉታል። ከአንድ ዓምድ መምረጥ የሚቻለው አንድ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ ዓምድ ያሉት ሁሉ የሚሰጡት በአንድ ሰዓት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪና ኮምፒውተር ሳይንስ አንድ ዓምድ ውስጥ ነበሩ። ልጁ ኮምፒውተር ይወዳል፤ እሱን አለ። ወረቀቱ ለወላጅ በኢሜይል ተልኳል። በእንግሊዝኛ፣ በኮድ የተሞላ፣ መልሱ በአንድ ሳምንት የሚፈለግ። ሐኪም እሆናለሁ የሚል ልጅ ኬሚስትሪ ሲተው «ቆይ፣ አንተ ልጅ!» የሚል አንድ መምህር መጥፋቱ እስካሁን ያናድደኛል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው እኮ ለዚህ ዓይነቱ ክትትል ነው።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በዓመት ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያስከፍሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ቫት ተጥሏል። ኬሚስትሪን እንደገና ከሥር መጀመር ማለት ተጨማሪ ጊዜ ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ ማለት ተጨማሪ ክፍያ ነው። ቤተሰቡ አልቻለም። ልጁ አሁን ባዮሜዲካል ሳይንስ ይማራል። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ግን የመረጠው አይደለም።

ሕክምናን በምሳሌነት አነሳሁ እንጂ ሌላውም እንዲሁ ነው። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ልጅ ሒሳብና ፊዚክስ ያስፈልገዋል። ኢኮኖሚክስ ደግሞ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ነው። ካምብሪጅም ሆነ ኤልኤስኢ (የለንደኑ የኢኮኖሚክስ ዩኒቨርሲቲ) ኢኮኖሚክስ ለመማር የኤ ሌቭል ሒሳብ የግድ ነው። ሒሳብ ለመያዝ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች በጂሲኤስኢ ቢያንስ 7 ይጠይቃሉ። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ በሒሳብ 6 ካመጣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ከወዲሁ ተወስኗል ማለት ነው። ሳይንስም ከጂሲኤስኢ ይጀምራል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስን ለየብቻ የሚማሩ አሉ፤ ተጨምቆ እንደ ሁለት ትምህርት የሚቆጠረውን የሚማሩም አሉ። ልጃችሁ በየትኛው እንዳለ ታውቃላችሁ? ስብሰባ ላይ ይህን የጠየቀኝ ወላጅ ጥቂት ነው። የመኝታ ክፍሉን ፎቶ የሚጠይቀኝ ግን ብዙ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ያለ ምክንያት የሚፈራ ትምህርት አለ። አሁን የምጠብቃት አንዲት ልጅ ታሪክ ትወዳለች። ሕግ ማጥናት ትፈልጋለች። እናቷ ታሪክ መያዟን ስትሰማ «ታሪክ ምን ያበላታል? ሕግ ከሆነ የምትማረው ለምን ሕግን አትይዝም?» አለችኝ። ኤ ሌቭል ሕግ የሚባል ትምህርት በእርግጥ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ለሕግ ዲግሪ እሱን ግድ አይሉም። ረጅም ጽሑፍ አንብቦ፣ ማስረጃ መዝኖ፣ የራስን ክርክር መጻፍ የሚያስተምረው ታሪክ ለዚህ ሙያ በጣም የሚከበር ዝግጅት ነው። ከእናትየው ጋር ብዙ ተነጋገርን። ልጅቷ ታሪክ፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና ሒሳብ ይዛለች። የመጨረሻ ድርሰቷን አንብቤው ኮርቼባታለሁ።

ከወላጆች እጅ አንድ የቆየ ዝርዝርም አይጠፋም። ራስል ግሩፕ የሚባሉት በምርምር የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ወቅት «በር ይከፍታሉ» ያሏቸውን ትምህርቶች ዘርዝረው ነበር። ያ ዝርዝር ከ2019 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የሚሠራው የእያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ መስፈርት በየትምህርቱ ማየት ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ሁሉም ድረ ገጻቸው ላይ አለ።

ስለ አይቢ፣ ማለትም ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ስለሚባለው ዓለም አቀፍ ትምህርትም ልጨምር፤ እሱን ሳነሳ ደስ ስለሚለኝ ነው። አንዳንድ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከኤ ሌቭል ጎን የአይቢ ዲፕሎማ ይሰጣሉ። ሴቭንኦክስን የመሰሉ ደግሞ ሲክስዝ ፎርም ላይ የሚያስተምሩት አይቢ ብቻ ነው። አይቢ ስድስት ትምህርት ነው፤ ሦስቱ በከፍተኛ፣ ሦስቱ በመደበኛ ደረጃ። በዚያ ላይ 4,000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ አለ። ሁሉም ተደምሮ ከ45 ይታረማል። ገና ምን እንደሚሆን ላልወሰነ ልጅ ይህ ሰፊ መንገድ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ሥራው ግን ይበዛል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቡ ላረፈ ልጅ ኤ ሌቭል ይሻላል።

ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። በጂሲኤስኢ ፖላንድኛ አለ፣ ቱርክኛ አለ፣ ኡርዱና ቤንጋሊ አሉ። አማርኛ የለም። አይቢ ግን ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ እንዲያጠና ይፈቅዳል። ትምህርት ቤቱ በዚያ ቋንቋ አስተማሪ ባይኖረው እንኳ ልጁ በትምህርት ቤቱ ክትትል ራሱ እያነበበ በመደበኛ ደረጃ ይፈተናል። ከእንግሊዝኛው ሥነ ጽሑፍ ጋር ሁለቱንም ካለፈ ዲፕሎማው ባለ ሁለት ቋንቋ ይባላል። ከማውቃቸው ልጆች አንዱ ይህን መንገድ መርጧል። መጻሕፍቱን ዘመድ በሻንጣ አመጣለት። ድሮ በስልክ ከአያቱ ጋር ሲያወራ ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚጨርስ ልጅ አሁን የአማርኛ ልቦለድ አንብቦ ይከራከረኛል። ይህ መንገድ መኖሩን ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ቀድመው አይነግሩም። ወላጅ መጠየቅ አለበት፤ ያውም ቀደም ብሎ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ለአይቢ በጊዜ መቅረብ አለበት።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። ሌላ ጊዜ ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ስትጽፉ ስለ ትምህርት ምርጫውም ጻፉ፤ ቢቻል ከገና በፊት ይሁን። ዪር 11 (የጂሲኤስኢ መጨረሻ ዓመት) ያለ ልጅ የኤ ሌቭል ቅጹን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ የብርድ ወራት ነውና። ዪር 11 ደግሞ ከእኛ 11ኛ ክፍል ጋር አንድ አይደለም፤ በዕድሜ ከ10ኛ ጋር ነው የሚገጥመው፤ ብዙ ወላጅ አንድ ዓመት ያለው ይመስለዋል። ለኦክስፎርድ፣ ለካምብሪጅና ለአብዛኛው ሕክምና የዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን የሚቀበለው ድርጅት) ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ነው። ኤ ሌቭል ከተጀመረ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንት ሲሆነው ማለት ነው።

ልጃችሁ አሁን ዪር 11 ከሆነ ትምህርት ቤቱን የዘንድሮውን የብሎክ ወረቀት ጠይቁ። ልጁ የሚያስበውን ሙያ የሚያስተምሩ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች መስፈርት ከጎኑ አስቀምጡና አብራችሁ እዩት። ሁለት የሚያስፈልጉት ትምህርቶች አንድ ዓምድ ውስጥ ከወደቁ ወዲያው ጻፉላቸው። በቂ ተማሪ ከጠየቀ ዓምዱን የሚቀይሩ አሉ፤ አይቼ አውቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጋርዲያን የሆነች አንባቢያችሁ
ብሪስቶል፣ እንግሊዝ