እህትአለም፣ ስፌቱ ምንም አልነበረበትም

ሰላም እህትአለም፣ እንዴት ከረምሽልኝ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ልጆቹማ አድገው ይሆናል። ከተጻጻፍን ሁለት አመት አለፈን አይደል፣ የመጨረሻው መልእክትሽ እኮ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ "ታመሽ ነው ወይስ ተቀይመሽኝ ነው" ያልሽው። ስንቴ ከፍቼ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ፣ ልመልስ እልና ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል፣ ነገ እላለሁ፣ ነገም ይመጣና እንደገና ነገ እላለሁ፣ እንደዛ እየሆነ ነው የቀረው። አልተቀየምኩሽም፣ አልረሳሁሽምም። በጣም ነው የምትናፍቂኝ። ዛሬ ሁሉንም ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት፣ ረዥም ስለሚሆን ስራሽን ስትጨርሺ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ያኔ መጨረሻ ስናወራ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ የደም ሥር ቀዶ ጥገና እየተማርኩ፣ ንቅለ ተከላ ላይ ረዳት ሆኜ እገባ ነበር። አንድ ሌሊት ኩላሊት መጣ፣ ከሩቅ ነው የመጣው፣ በረዶ ውስጥ 26 ሰዓት ቆይቶ። የሚቀበለው ሰውዬ አራት አመት ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ የነበረ ነው፣ ከመግባቱ በፊት እጁን ይዤ አይዞህ አልኩት። አለቃዬ መጀመሪያ ደም መላሹን ሰፋ፣ ቀጥሎ ደም ወሳጁን፣ እኔ ክሩን ተከትዬ ነው የያዝኩት፣ እንደዛ ያማረ ስፌት ከዛ በፊት አላየሁም። ደም ሥሩን ቆንጥጦ የያዘው ክላምፕ ሲለቀቅ ኩላሊቱ ቀላ፣ ሁላችንም ተነፈስን። ከዛ ግን ትንሽ ቆይቶ እዚህም እዛም ሰማያዊ ነጠብጣብ ማውጣት ጀመረ፣ ሲነኩትም ልፍስፍስ አለ። ሽንት እንጠብቃለን፣ የለም። በማግስቱ የለም፣ በሳምንቱም የለም። ሰውየው ወደ ዲያሊሲሱ ተመለሰ፣ በአራተኛው ሳምንት ኩላሊቱ ወጣ። ከወጣ በኋላ በእጄ ይዤ የተሰፋበትን ቦታ ከፍቼ አየሁት። የረጋ ደም የለ፣ የጠበበ ቦታ የለ፣ ንጹህ ነው። ስፌቱ ምንም አልነበረበትም።

ያቺ ነገር ናት ዝም ያሰኘችኝ። አይዞህ ያልኩትን ሰው ፊት ማየት አቃተኝ፣ ካንቺም ጋር ስለ ሌላ ነገር እየሳቅኩ ማውራት አቃተኝ። ከዛ በኋላ ቀስ እያልኩ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ወጣሁ፣ አሁን ላብራቶሪ ነኝ፣ ስራዬ አካል ከለጋሹ ወጥቶ ተቀባዩ ውስጥ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማጥናት ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ያቺን መሀል ላይ ያለችውን ጊዜ ነው።

አንቺ ጥልፍ ስትሰሪ አስቢው። የጀመርሽውን ጥለሽ ብትሄጂ ከወር በኋላ መጥተሽ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ፣ ጨርቁ ይጠብቅሻል። የእኛ ጨርቅ አይጠብቅም። ልብ በረዶ ላይ 4 ቢበዛ 6 ሰዓት ነው የሚሰጥሽ፣ ሳንባ 6 እስከ 8፣ ጉበት 12 ገደማ፣ ኩላሊት ነው ትንሽ የሚታገሰው፣ 24 አንዳንዴ እስከ 36 ሰዓት፣ እሱም ሰአቱ በጨመረ ቁጥር እየተጎዳ ነው።

ስለ ጥልፍ ካነሳሁ አይቀር ይሄን ሳነብ አንቺን ነበር ያሰብኩት። በፈረንጆቹ 1894 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው አመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወጋ፣ ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ደም ሥር ተቆርጦ ስለነበር ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም፣ ደሙ ፈሶ ሞተ። አሌክሲስ ካሬል የሚባል ወጣት የህክምና ተማሪ ያኔ እዛው ሊዮን ነበር፣ የተቆረጠ ደም ሥር ለምን አይሰፋም ብሎ ያዘ። ሊዮን የሐር ከተማ ናት አይደል፣ እና ማን ጋ ሄደ መሰለሽ፣ ማዳም ሌሩዲየ የምትባል የታወቀች ጥልፍ ሰሪ ጋ! ቀጭን መርፌና ቀጭን ክር አያያዝ ከሷ ነው የተማረው። በ1902 የራሱን መንገድ አሳተመ፣ ክቡ የደም ሥር አፍ ላይ እኩል ተራርቀው ሶስት ቦታ ክር ይገባና ሲወጠሩ ክቡ ሶስት ማዕዘን ይሆናል፣ ከዛ የምትሰፊው ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው ማለት ነው። በ1912 ኖቤል ያገኘው በዚሁ ነው፣ የእኛ ሙያ በሙሉ እዛ ላይ ነው የቆመው። ሰውየው በኋላ ስለ ሰው ዘር ማጣራት የያዘውና የጻፈው ሀሳብ በጣም ያሳዝነኛል፣ ይሄንን ሳልነግርሽ ባልፍ ልክ አይሆንም። ግን ጥልፍ ሰሪዋ ከልቤ አትወጣም። ዛሬ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሁሉ የሷ እጅ አለበት።

ካሬል ስፌቱን ከፈታ በኋላ ሌላ ነገር ነው ያስጨነቀው፣ ጊዜው። ደም ሥሮችን በብርድ አስቀምጦ ከቀናት በኋላ እንስሳት ላይ ይተክል ነበር። በ1935 ደግሞ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ካቋረጠው ከቻርልስ ሊንድበርግ ጋር ሆኖ ከሰውነት የወጣን አካል በፈሳሽ እያጠበ የሚያቆይ የመስታወት ፓምፕ ሰሩ። እስቲ አስቢው፣ በሰው ላይ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እኮ በ1954 ነው፣ ቦስተን ውስጥ፣ ጆሴፍ ሙሬይ የሰራው። እዛ ላይ ለጋሹና ተቀባዩ መንትያ ወንድማማች ስለነበሩ ሰውነቱ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ አልገፋውም፣ ከሩቅ የሚመጣም ስላልሆነ የማቆየት ጥያቄ ብዙም አልነበረም። ጥያቄው የከረረው አካል ከሞተ ሰው፣ ከሌላ ከተማ መምጣት ሲጀምር ነው።

አሁን ብርዱ ምን እንደሚሰራ ልንገርሽ፣ እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ በስህተት የተረዳሁት ነገር ስለሆነ። ብርድ አካሉን "ያቆየዋል" እንላለን፣ ግን ብርድ የሚያደርገው ማዘግየት ብቻ ነው። 4 ዲግሪ ላይ ሴሉ ከመደበኛ ስራው አስር በመቶ ወይም ከዛ ያነሰ ይሰራል፣ አስር በመቶ ግን ዜሮ አይደለም፣ ኦክስጅን የለም ምግብ የለም፣ ያለችውን ጉልበት እየበላ ነው የሚቆየው። ሴሉ ላይ ሶዲየምን ወደ ውጪ የሚገፋ ፓምፕ አለ፣ ጉልበት ሲያልቅ ይቆማል፣ ሶዲየም ይገባል፣ ውሃ ተከትሎት ይገባል፣ ሴሉ ያብጣል። ለዚህ ነው በ1969 ኮሊንስ የሚባል ተመራማሪ ፖታሲየሙ እንደ ሴል ውስጥ የበዛ፣ አካሉ የሚቀመጥበት ፈሳሽ የሰራው፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ቤልዘርና ሳውዛርድ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሴሉን ግድግዳ አልፈው መግባት የማይችሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ጨምረውበት ውሃው ውጪ እንዲቀር አደረጉ። ያ ፈሳሽ እስከዛሬ በዩኒቨርሲቲው ስም ይጠራል፣ እስከዛሬም እንጠቀምበታለን።

ዋናው ጉዳት ግን ብርዱ ላይ አይደለም የሚታየው እህቴ። ክላምፑ ሲለቀቅ ነው። ያ እኛ ተነፈስን ያልኩሽ ሰአት፣ ኩላሊቱ ቀላ ብለን ደስ ያለን ሰአት። ኦክስጅን አጥቶ የቆየ ሴል ውስጥ ሰክሲኔት የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ ደም ተመልሶ ኦክስጅን ሲያገኝ በአንዴ ይቃጠላል፣ ከዛ የሚወጣው መርዝ ራሱን ሴሉን ይበላዋል፣ ይሄ በ2014 ነው በደንብ የታየው። መጀመሪያ የሚመታው ደግሞ የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ነው፣ ኢንዶቴሊየም እንለዋለን፣ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ያለው ስስ ሽፋን። እሱ ሲጎዳ ያብጣል፣ ነጭ የደም ሴሎች ይለጠፉበታል፣ ትንንሾቹ ቧንቧዎች ይዘጋሉ፣ እና ትልቁ ደም ሥር ላይ ስፌትሽ ምንም ያህል ቢያምር ደሙ ውስጥ ድረስ አይደርስም። ያ ሰማያዊ ነጠብጣብ እሱ ነበር። ያኔ ባውቀው ብዬ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ፣ ባውቀውም ያን ሌሊት ምንም ማድረግ አልችልም ነበር።

ስለዚህ አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። ከአሳማ የተወሰደ ደም ሥር ሁለት ሚሊ ሜትር በምታህል ቀለበት እቆርጥና በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ላይ ሰቅዬ ሙቅ ፈሳሽ ውስጥ አስገባዋለሁ። መጀመሪያ መድሃኒት ሰጥቼ አስጨብጠዋለሁ፣ ቀለበቱ ሲኮማተር ሽቦውን ስቦ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይወጣል። ቀጥሎ አሴቲልኮሊን የሚባል ሌላ መድሃኒት እጨምራለሁ። የውስጥ ሽፋኑ በህይወት ካለ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቅና ቀለበቱ ይፈታል፣ መስመሩ ይወርዳል። ሽፋኑ ከሞተ መስመሩ እዛው ይቆያል። እኔ "መለሰልኝ" ነው የምለው። ሌሊት ብቻዬን ቁጭ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ በብርድ ያደረ ቀለበት መስመሩ ሲወርድ ሳይ እንባዬ የመጣበት ጊዜ አለ። ተራ የጨው ውሃ ውስጥ ያደረው ብዙ ጊዜ አይመልስልኝም፣ ለሴሉ ተብሎ በተሰራ ፈሳሽ ያደረው ይመልሳል። ይሄ ለንቅለ ተከላ ብቻ አይደለም እኮ፣ የልብ ባይፓስ ሲሰራ፣ ማለትም ደሙ የተዘጋውን የልብ ደም ሥር የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ሲሰራለት፣ ከእግር የሚወሰደው ደም ሥር ደረቱ እስኪከፈት ድረስ ጠረጴዛ ላይ የጨው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ለዛች ለአንድ ሰአት ማንም አያስብላትም ነበር፣ እሷም ትጎዳዋለች።

ተስፋ የሚሰጠኝን ደግሞ ስሚ። ማሽኖቹ መጡ። በ2009 የወጣ ጥናት አለ፣ 336 ለጋሾች፣ ከእያንዳንዱ ለጋሽ አንዱ ኩላሊት በረዶ ላይ ሌላው ቀዝቃዛ ፈሳሽ በሚያዘዋውር ማሽን ላይ፣ ያው አንድ ሰው ስለሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፣ እንደዛ ያለ ንጹህ አሰራር ደስ ይለኛል። ከተተከለ በኋላ ስራ ለመጀመር የዘገየው በረዶ ላይ ከነበሩት 26.5 በመቶ፣ ማሽን ላይ ከነበሩት 20.8 በመቶ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ እኔ ግን ሰውየውን ነው የማየው። በ2018 ደግሞ ጉበትን ጭራሽ ሳያቀዘቅዙ በ37 ዲግሪ ደም እየሰጡት አቆዩት፣ 220 ጉበት ላይ፣ ከበረዶው ይልቅ ረዘም ላለ ሰዓት ቆይቶ እንኳን ጉዳቱ በግማሽ ቀነሰ፣ የሚጣለውም ጉበት በግማሽ ቀነሰ። ምክንያቱም ማሽን ላይ ያለ ጉበት እየሰራ ነው፣ ሐሞት ያወጣል፣ ላክቴት የሚባለውን ተረፈ ምርት ያጠራል፣ ሰው ውስጥ ሳታስገቢው ትጠይቂዋለሽ ይመልስልሻል። በረዶ ሳጥን ውስጥ ያለውን ማን ይጠይቀዋል? እኛ ያን ኩላሊት ብንጠይቀው ኖሮ... ዙሪክ ውስጥ ደግሞ አንድ ጉበት ሶስት ቀን ማሽን ላይ አቆይተው በ2021 ለሰው ተከሉት፣ ከአንድ አመት በኋላ ሰውየው ደህና ነበር።

ማሽኑ ውድ ነው፣ የሚጠብቀው የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ በረዶና ሳጥን ደግሞ የትም ይገኛል፣ ስለዚህ በረዶው ነገ ይጠፋል አልልሽም። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ወደ ባሰ ብርድ እየሄዱ ነው። በ2023 አሜሪካ ሚኒሶታ ያሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ኩላሊት በረዶ ሳይሰራ እንደ መስታወት እንዲጠጥር አድርገው እስከ 100 ቀን አስቀመጡ፣ ሲያወጡት ችግሩ ማሞቁ ነው፣ ከውጪ ብታሞቂው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ደም ሥሮቹ ውስጥ ደቃቅ የብረት ቅንጣት አስገብተው በማግኔት ከውስጥ እኩል አሞቁትና ተከሉት፣ ሰራ። በሰው ኩላሊት መጠን ሩቅ ነው ገና። ግን 100 ቀን! ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳንቺ ጨርቅ የሚጠብቅ ኩላሊት።

ሰውየው በነገራችን ላይ በህይወት አለ። ሁለተኛ ኩላሊት አገኘ፣ ይሄኛው 9 ሰዓት ብቻ ነበር የቆየው፣ በማግስቱ ሽንት ሰጠ። ባለፈው ወር ልጠይቀው ሄድኩ፣ ይቅርታ ልል ነበር፣ እሱ ቀድሞ እጄን ያዘና "አንቺ እንዴት ነሽ" አለኝ። ከዛ ነው ላንቺም ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቴን ነው፣ ስራዬ ላይ ይጠቅመኛል። ለጀማሪዎች ስፌት ማስተማር ጀምሬያለሁ፣ አካሉ እየተሰፋ እያለ እኮ ከብርዱ እየወጣ ይሞቃል፣ ስለዚህ እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች፣ ይቸኩላሉ፣ ሲቸኩሉ ክሩን ያጠብቁታል፣ ሲጠብቅ ክቡ እንደ ከረጢት አፍ ይኮማተርና ይጠባል። የጉበት ንቅለ ተከላን የጀመረው ቶማስ ስታርዝል ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 የጻፈው መላ አለ፣ ቋጠሮውን ከደም ሥሩ ራቅ አድርገሽ ትቋጥሪና ደም ሲገባ ስፌቱ ራሱ እየተለጠጠ ክሩን ይወስዳል። ግን ምን ያህል እንደሚላላ በቃል ማስረዳት አቃተኝ፣ እኔ በእጄ ነው የማውቀው። አንቺ ክብ ጠርዝ ስትጠልፊ ጨርቁ እንዳይጨማደድ ክሩን የምታላሊው በምን እየለካሽ ነው? ጣትሽ ላይ ምን ሲሰማሽ ነው በቃ የምትይው? በቪዲዮ ቀርጸሽ ላኪልኝ፣ እጅሽን ከቅርብ አሳይተሽ፣ ቀስ ብለሽ።

ናፋቂሽ እህትሽ